ልጄ በዌልሽ ትቆጥራለች፣ በአማርኛ ግን አትቆጥርም (ዌልስ ያላችሁ ኑ እንወያይ)

እመ_ሁለት (ካርዲፍ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ መኖር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አለፈኝ። ወንዱ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ሁለት ተኩል ሆናት። ባለፈው የብርድ ጊዜ ከትንሿ ጋር ቤት ተዘግቼ ጭንቅ ሲለኝ አንዷ ጎረቤቴ "ቲ አ ቪ ይዘሻት ሂጂ" አለችኝ። ቲ አ ቪ በዌልሽ (ከእንግሊዝኛ የተለየ የዌልሶች የራሳቸው ቋንቋ ነው) "አንተና እኔ" እንደማለት ነው፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ከእናት ከአባታቸው ጋር በሳምንት አንዴ ተሰብስበው በዌልሽ የሚጫወቱበት ነው። የሚያካሂደው ሚድያድ ማይስሪን የሚባል ድርጅት ነው፣ በ1971 የተቋቋመ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እኔ እንግዲህ ዌልሽ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር፣ አፍሬ አፍሬ ነው የሄድኩት።

አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ነው። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ መጫወቻ በካርቶን ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ክብ ሠርተን እንዘፍናለን። መሪዋ ሹራቧ ላይ ብርቱካናማ ባጅ ታደርጋለች፣ ያ ባጅ "በዌልሽ አናግሩኝ" ማለት ነው፣ ሱቅም ሆስፒታልም የሚያደርጉት ሠራተኞች አሉ። ልጆቹ ሲወጡ ኮታቸውን ታለብሳቸውና ቁልፉን አንድ በአንድ እየቆለፈች ትቆጥራለች፣ ኢን፣ ዳይ፣ ትሪ፣ ፔድዋር። አራተኛው ቁልፍ አገጭ ስር ስለሆነ ልጆቹ ይኮረኮራሉ መሰለኝ ፔድዋር ላይ ሁሌ ይስቃሉ። ልጄ ሁለት ወር ሳይሞላት የፎቃችንን ደረጃ ስንወጣ ኢን ዳይ ትሪ ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ይሄን ሻይ ለሚያፈሉልን አሮጊት ነገርኳቸው። ሳቁና "ባንቺ ቋንቋስ ስንት ድረስ ትቆጥራለች?" አሉኝ። ዝም አልኩ። በአማርኛ አንድ ሁለት እንኳን አትልም፣ እኔ ከሷ ጋር እንግሊዝኛ ነው የማወራው፣ ደክሞኝ ስገባ የሚቀናኝ እሱ ሆኖ። ያን ቀን ቤቴ እስክገባ አለቀስኩ።

ከዛ ወዲህ እነዚህ ሰዎች ቋንቋቸውን እንዴት እንደያዙት ማንበብ ጀመርኩ። ትምህርት ቤቱ እንዳለ ሆኖ የበለጠ የገረመኝ ሰፈሩ የሚሠራው ነው። የሰፈር ጋዜጣ፣ የልጆች ካምፕ፣ የጋራ ፓብ (መጠጥ ቤት)፣ የዘፈን ማታ፣ ሁሉም ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ነው። እዚህ አገር ያላችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ፣ ከሌላ አገር ያላችሁም ግቡበት።

ሻሸመኔ_ለንደን፦
እህቴ ልብሽን አልነካም ግን ግልፅ ልንገርሽ። ዌልስ ያለው ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ይችላል። በ2021 ቆጠራ ዌልሽ የሚናገረው 17.8 በመቶ ነው፣ አምስት ሰው ብትጠሪ አንዱ እንኳን በደንብ አይሞላም። ልጆችሽ ነገ ለንደን ወይ ማንችስተር ነው ሥራ የሚፈልጉት። አማርኛ ካላወቁ አማርኛ አስተምሪያቸው፣ ሦስተኛ ቋንቋ ጭነሽ ምን ልትጠቅሚያቸው ነው? እንግሊዝኛውን ይበርቱበት። እኔ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ከክፋት አይደለም።

ባንጎር_ተማሪ፦
ወንድሜ ሻሸመኔ፣ አሁን ያልከውን ቃል በቃል ዌልሾቹ ለራሳቸው ልጆች ሲሉት ኖረዋል እኮ። በ1846 መንግሥት የዌልስን ትምህርት ቤቶች እንዲያጠኑ ሦስት ኮሚሽነሮች ላከ፣ ሦስቱም እንግሊዞች፣ ሦስቱም ዌልሽ የማያውቁ። በ1847 የወጣው ሪፖርታቸው ሽፋኑ ሰማያዊ ስለነበር ዌልሾቹ እስከዛሬ "የሰማያዊ መጻሕፍት ክህደት" ይሉታል፣ ቋንቋውን ለኋላ ቀርነትና ለሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት አድርጎ ነበር ያቀረበው። በዛ ዘመን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውስጥ "ዌልሽ ኖት" የሚባል ትንሽ እንጨት ነበር፣ ዌልሽ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል፣ እሱ ደግሞ ሌላ የሚናገር ልጅ ሲሰማ ያስተላልፍለታል፣ ቀኑ ሲያልቅ አንገቱ ላይ የተገኘበት ይገረፋል። እኔን በጣም የሚያመኝ ግን ሌላ ነው፣ ብዙ ወላጆች ይሄን ይደግፉ ነበር። ልጄ እንግሊዝኛ ይወቅ፣ ከማዕድን ጉድጓድ ይውጣልኝ ብለው። ክፋት አልነበረም፣ እንዳንተው ፍቅር ነበር። በ1911 ከሕዝቡ 43 ከመቶ በላይ ዌልሽ ይናገር ነበር፣ አሁን ያልከው 17.8 ላይ የተደረሰው እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው።

ደግሞ 17.8 አማካይ ነው። እኔ ያለሁበት ግዊኔዝ 64 በመቶ ነው። ሱፐርማርኬት ካሸሯ መጀመሪያ በዌልሽ ነው የምትጀምርልህ፣ አውቶቡስ ላይ ጎረምሶች በዌልሽ ይሰዳደባሉ። ለልጅ ሦስት ቋንቋ ይበዛል ያልከውን ደግሞ አዲስ አበባ ሦስት ቋንቋ እየሰሙ ያደጉትን ጎረቤቶችህን አስታውስ።

የድሮ_መምህር፦
ልጆቼ፣ ጥሩ ወግ ይዛችኋል፣ እኔም ልጨምር። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ልጄን ልጠይቅ ዌልስ መጥቼ ስድስት ወር ተቀምጫለሁ።

የዌልሽን ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ለይታችሁ ማየት አትችሉም። ዊሊያም ሞርጋን የሚባል ቄስ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን በ1588 ወደ ዌልሽ ተረጎመ። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት ቋንቋቸው በር ተዘግቶበት ሳለ በአምልኮ ግን ሥልጣን አገኘ። ከዛ በ1730ዎቹ ግሪፊዝ ጆንስ የሚባል ሌላ ቄስ ተነሣና "ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት" ጀመረ። አስተማሪው አንድ ደብር ይመጣል፣ ሦስት ወር ያህል ይቀመጣል፣ ብዙ ጊዜ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በብርዱ ወራት፣ ልጁንም አዋቂውንም በዌልሽ ማንበብ ያስተምርና ወደ ቀጣዩ ደብር ይሄዳል። ቀን ሥራ ላይ የዋለ ገበሬ ማታ ይማራል። ግሪፊዝ ጆንስ በ1761 እስኪሞት ከ200,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ማንበብ እንደተማረ ይገመታል። የሕዝቡ ቁጥር ያኔ ግማሽ ሚሊዮን እንኳን በማይሞላበት አገር ማለት ነው። ሕንፃ የለ፣ በጀት የለ፣ ምጽዋት እየለመኑ ነው።

እኔም የተማርኩት ዛፍ ሥር ከየኔታ ዘንድ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ታሪክ ሲነገረኝ ባዕድ አልሆነብኝም። አንቺ ልጄ፣ ሴቷን ልጅሽን ሀ ሁን ለማስቆጠር ሕንፃ አትጠብቂ።

እመ_ሁለት (ካርዲፍ)፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ እጅዎን ስሜ ነበር የምቀበልዎት።

ናፍቆት_ናታንያ፦
ከእስራኤል ነኝ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ዌልስ ውስጥ ለአዋቂዎች የሚሰጥ "ዉልፓን" የሚባል ኮርስ ነበር፣ በ1970ዎቹ የጀመረ። ስሙ የኛው ኡልፓን ነው፣ ለአዲስ መጤ ዕብራይስጥ የሚያስተምረው! ከዕብራይስጡ ወስደው በነሱ ፊደል ጻፉት። ወላጆቼ ሲመጡ በየቀኑ ኡልፓን ቁጭ ብለው ነበር የሚማሩት፣ አባቴ ደብተሩን እስካሁን አልጣለውም። የዌልሾቹ አስተማሪዎች የዕብራይስጥን መነሣት አይተው፣ ቋንቋ ላዋቂ በጥድፊያ፣ በንግግር፣ በየቀኑ ከተሰጠ ይያዛል ብለው ዘዴውን ወሰዱት።

ግን የሚቆጨኝንም ልናገር። ወላጆቻችን ዕብራይስጥ ሲማሩ አማርኛው ቤት ውስጥ እንዲቀር የረዳን አልነበረም። እኔ ሳነብ ፊደል እየቆጠርኩ ነው፣ ይሄን ራሱ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ልጆቼ ከአያታቸው ጋር የሚግባቡት በምልክት ነው። አያታቸው ተረት ያውቃሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ተረት ይወዳሉ፣ መሀል ቤት ቁጭ ብዬ የምተረጉመው እኔ ነኝ፣ ያውም ግማሹን ሳልረዳው። ስለዚህ እህቴ ያለቀስሽው ገብቶኛል።

ባንጎር_ተማሪ፦
ናፍቆት ያልሽው ጥሩ አስታወሰኝ። ናንት ጉርሴርን የሚባለውን ቦታ ማየት አለባችሁ፣ እኔ ባለፈው ሚያዝያ ከክላሴ ልጆች ጋር ሄጄ ነበር።

በሰሜን ዌልስ ሊን በሚባል ልሳነ ምድር ላይ፣ ገደል ሥር ባሕር ዳር ያለ መንደር ነው። ድሮ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ይኖሩበት ነበር፣ ካባው ሲዘጋ ሰው እየለቀቀ ሄደና በ1959 የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ወጡ። ጣሪያው ረገፈ፣ ፍየል ገባበት። ካርል ክላውስ የሚባል ሐኪም ነበር፣ ማንችስተር ያደገ፣ ዌልሽን ራሱ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ የተማረ፣ ልጆቹን በቋንቋው ለማሳደግ ብሎ እዛ አካባቢ መጥቶ የገጠር ሐኪም ሆነ። መጀመሪያ ላንአይልሃያርን የምትባለው መንደር ትምህርት ቤቷ ሊዘጋ ሲል ሰዉ ተሰብስቦ አስቀረው፣ ከዛ በዛው ጉልበት በ1974 የመንደር ኅብረት ሥራ አቋቋሙ፣ በብሪታንያ የመጀመሪያው የሚባለው እሱ ነው። ከዛ ይሄን የፈረሰ መንደር ዓይኑ ገባበት። አካባቢው ሥራ የለም፣ ዌልሽ መማሪያ ቦታ ደግሞ ያስፈልጋል፣ ለምን ሁለቱን አንድ አናደርግም አለ። በ1978 አንድ ትረስት አቋቁመው ገንዘብ አሰባስበው በ25,000 ፓውንድ ገዙት፣ ቤቶቹን አንድ በአንድ ጠግነው በ1982 የመጀመሪያውን ክፍል ከፈቱ።

መውረጃው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፣ ሚኒባሱ ፍሬን ሲይዝ ሽታው ይመጣል፣ ድሮ በጭነት መኪና ሲሞከር ሰው ለማየት ይወጣ ነበር አሉኝ። ታች ስትደርስ ሁለት ረድፍ የድንጋይ ቤቶች፣ ፊት ለፊት ባሕር። ተማሪው እዛው ቤቶቹ ውስጥ ያድራል፣ ቁርስ ላይም በዌልሽ ነው። እኔ ቂቤ ጠይቄ ጨው ነው የሰጡኝ፣ አስተማሪዋ ግን እንግሊዝኛ አላወጣችም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንድ በአንድ እያነሳች ስሙን እያለችልኝ ቂቤው እስኪደርሰኝ ጠበቀችኝ። "መኒን" ነው ቂቤ። ከዚህ በኋላ በሕይወቴ አልረሳውም።

እዛው ከገደሉ አፋፍ ላይ ሊስቫይን የሚባል መንደር አለ፣ እሱ ደግሞ ፓቡ ሊዘጋ ሲል በ1988 መንደርተኛው አክሲዮን አዋጥቶ ገዛው። መዘምራኑም ስብሰባውም የሚሰበሰበው እዛ ነው።

ዲሲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ከአሜሪካ ነኝ፣ ጥያቄ አለኝ። እኛ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት አለን፣ ልጆቹ ፊደሉን ይይዛሉ፣ መዝሙሩን ይዘምራሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሰርተፊኬት ይወስዳሉ። ዕረፍት ሰዓት ላይ ግን ኳሱን ይዘው ሲወጡ በሩን ሳያልፉ እንግሊዝኛ ነው። ወንድሜ እኔ ለስድስት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ ባለፈው ስታገኘኝ "ሃይ ቲቸር" ነው ያለችኝ፣ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ዌልሾቹ ይሄን በምን ፈቱት?

እመ_ሁለት (ካርዲፍ)፦
ወንድሜ፣ ችግሩ እነሱም ጋ ያው ነው። በዌልሽ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ጓሮው ላይ እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ የኔም ልጅ ትምህርት ቤት እንደዛው ነው። ለዚህ ነው መንትር ያይዝ የሚባሉት የተፈጠሩት፣ ያይዝ ቋንቋ ማለት ነው፣ መንትር ደግሞ የሥራ ጅምር እንደማለት። የመጀመሪያው በ1991 ግዌንድራይዝ ሸለቆ ላይ ተቋቋመ፣ የድንጋይ ከሰል አካባቢ ነው፣ አሁን በመላው ዌልስ 22 አሉ። ሥራቸው ቋንቋውን ከክፍል ውጪ ቦታ መስጠት ነው። የእግር ኳስ ክበብ በዌልሽ፣ የኮዲንግ ክበብ በዌልሽ፣ የጎረምሶች ባንድ መድረክ፣ ለአረጋውያን የቡና ጠዋት፣ ለጀማሪ ደግሞ "ብትሳሳትም አውራ" የሚባልበት ጠረጴዛ። ልጁ ዌልሽን የአስተማሪ ቋንቋ ብሎ ሳይሆን የኳስ ቋንቋ ብሎ እንዲያውቀው ነው።

ከዚህ በፊት የነበረው ደግሞ ኡርዝ ነው። ኢቫን አብ ኦወን ኤድዋርድስ የሚባል ሰው በ1922 ነው የመሠረተው፣ የወጣቶች ማኅበር ነው፣ ከ1932 ጀምሮ ላንግራኖግ የሚባል ባሕር ዳር ካምፕ አላቸው፣ ፈረስ ግልቢያ ምናምን ያለበት። እዚሁ አገር ያደጉ ሰዎችን ጠይቋቸው፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን ላንግራኖግ ያላገኘ ጥቂት ነው ይሉሃል። ያው ሰውዬ በ1939 አበረስትዊዝ ላይ የመጀመሪያውን የዌልሽ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፍት ስንት ተማሪ ነበረው መሰላችሁ? ሰባት። ሰባት ልጅ።

በ2021 ደግሞ ከአፍጋኒስታን የሸሹ ቤተሰቦች ካርዲፍ ሲመጡ መጀመሪያ ያረፉት ኡርዝ ካምፕ ውስጥ ነው። ልጆቹ ዌልሽ መዝሙር እየተማሩ እንግሊዝኛውንም አብረው ያዙ። የስደተኛ ነገር ስለሚሰማኝ ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግኩም።

ስዋንሲ_ሾፌር፦
እኔ ሹፌር ነኝ፣ ብዙ አላነበብኩም፣ ያየሁትን ነው የምናገረው። ካርማርዘንሻየር ውስጥ አንዲት መንደር አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በወር አንዴ ማታ ወደ መንደሩ አዳራሽ አደርሳቸዋለሁ። አንዴ ዝናብ ስለነበር "ግባና ሻይ ጠጣ" አሉኝ፣ ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ቆሞ ወረቀት ያጥፋል። ፓፒር ብሮ ነው። ፓፒር ጋዜጣ ነው፣ ብሮ ደግሞ ልክ የኛው ቀዬ። የቀዬ ጋዜጣ። የመጀመሪያው በ1973 ካርዲፍ ላይ የወጣው ነው፣ ስሙ "ዜጋው" ማለት ነው፣ አሁን በየአካባቢው ከ50 በላይ አለ። ጋዜጠኛ የለው ደመወዝ የለው፣ ሁሉም በፈቃድ ነው። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን በግ ውድድር አሸነፈ፣ ማን አረፈ፣ የልጆቹ መዘምራን የት ዘመሩ። አንዷ ሴትዮ የምታጥፍበት ጣቷ ቀለም ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል፣ ሌላው ይቆጥራል፣ ሌላው በየመንገዱ ስም በላስቲክ ያስራል። እኔም ቆሜ ማየቱ አሳፈረኝና ሃምሳ የሚሆን አጠፍኩ። ከዛ በሚቀጥለው ወር እትም ላይ ስሜ ወጣ፣ "ከኢትዮጵያ የመጣው ሾፌራችን ረዳን" ተብሎ። ቆርጬ መኪናዬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ሃያ ዓመት እዚህ አገር ስኖር ስሜ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያውም እኔ በማላነበው ቋንቋ። አሁን ግን እሱን ለማንበብ ብዬ እየተማርኩ ነው።

ሻሸመኔ_ለንደን፦
ያንተ ታሪክ ልቤን ነካው ወንድሜ። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፣ እውነት እንነጋገር ካልን። ይሄ ሁሉ እየተሠራ ቁጥሩ ለምን ቀነሰ? በ2011 ወደ 562,000 ነበሩ፣ በ2021 538,300 ሆኑ። መንግሥታቸው ደግሞ በ2050 አንድ ሚሊዮን ተናጋሪ ይኖረናል ብሎ በ2017 አውጇል። ወዴት እየሄዱ ነው?

ባንጎር_ተማሪ፦
ጥያቄህ ትክክል ነው፣ እነሱም እዚህ ላይ እንቅልፍ የላቸውም። ቁጥሩን ስትከፍተው ካርዲፍ ላይ ከ11.1 ወደ 12.2 በመቶ ወጥቷል። የቀነሰው እዛ ሾፌሩ ያወራልን ካርማርዘንሻየር ላይ ነው፣ ከ43.9 ወደ 39.9። ማለትም ከተማ ላይ ትምህርት ቤቱ አዳዲስ ተናጋሪ ሲያፈራ፣ ቋንቋው የተፈጥሮ ቤቱ የነበረው ገጠር እየሳሳ ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ባሕር ዳር ያለውን ቤት ሀብታም ለዕረፍት ይገዛዋል፣ የመንደሩ ልጅ ያባቱ ሰፈር ላይ ቤት መግዛት አይችልም። ለዚህ ነው የጋራ ፓብ፣ የጋራ ሱቅ፣ የኅብረት ሥራ ላይ የሚረባረቡት፣ ሰው ከሌለ ቋንቋ በየት ይኖራል?

መንደር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል። ካፔል ከሊን የምትባል መንደር ነበረች፣ ትሪዌሪን ሸለቆ ውስጥ፣ ነዋሪዋ በሙሉ ዌልሽ ተናጋሪ። ሊቨርፑል ከተማ ውሃ ፈለገ፣ ሸለቆው ይገደብ የሚለው ሕግ በ1957 ፓርላማ ሲወጣ ከዌልስ 36 ተወካዮች አንድም የደገፈ አልነበረም፣ ግን አለፈ። በ1965 ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ጸሎት ቤቱ፣ መቃብሩ ሁሉ ውሃ ሥር ሆነ። ሊቨርፑል ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ከአበረስትዊዝ በስተደቡብ መንገድ ዳር በፈረሰ ቤት ግድግዳ ላይ "ትሪዌሪንን አስታውሱ" የሚል በቀይና ነጭ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ። በ2019 ሰው ግድግዳውን ሲያበላሸው ወጣቶች ድንጋዩን መልሰው ገነቡት፣ በዛ ሰሞን ያው ጽሑፍ በመላው ዌልስ በየጋራዡ በየአጥሩ ላይ ተጻፈ። አንድ የክላሴ ልጅ አባቱ የከብት በረት ላይ ጽፎታል። እኔ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳየው የማን እንደሆነ ባላውቅም ፀጉሬ ይቆማል።

እመ_ሁለት (ካርዲፍ)፦
ስለ አይስቴዝቮድ ሳላወራ አልሄድም። በኦገስት መጀመሪያ ሳምንት የሚደረግ የባህል በዓል ነው፣ አንድ ዓመት ሰሜን አንድ ዓመት ደቡብ እየተዘዋወረ፣ ከ1861 ጀምሮ። በ2024 ፖንቲፕሪዝ ስለነበር ልጆቹን ይዤ በባቡር ሄድኩ፣ ከካርዲፍ ግማሽ ሰዓት ነው። ከ1950 ጀምሮ መድረኩ ላይ ከዌልሽ ሌላ አይነገርም፣ የማያውቅ ሰው ማዳመጫ ይሰጠዋል፣ እኔም ወሰድኩ።

ገጣሚ የሚሸለምበትን ሥርዓት አየሁ። ሽልማቱ ወንበር ነው፣ በየዓመቱ አዲስ የሚቀረጽ። ገጣሚው በብዕር ስም ነው የሚወዳደረው፣ ማን እንደሆነ አዳራሹ አያውቅም። መብራቱ ይጠፋል፣ መለከት ይነፋል፣ የብዕር ስሙ ሲጠራ አሸናፊው ከሕዝቡ መሀል ካለበት ይነሣል፣ መብራት ይፈልገዋል። ከዛ ትልቅ ሰይፍ ከሰገባው ግማሽ ድረስ ይመዘዝና መሪው "ሰላም አለ ወይ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ ሕዝቡ ሦስቴም "ሰላም!" ይላል፣ ሰይፉ ይመለሳል። ወንዱ ልጄ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ ቆሞ "ሄዙኽ!" (ሰላም በዌልሽ) እያለ ሲጮህ ማን ያስቁመው።

በ1917 ግን አሸናፊው ሲጠራ የተነሣ ሰው አልነበረም። ሄዝ ዊን የሚባል የበግ እረኛ ነበር፣ ወታደር ሆኖ ፈረንሳይ እያለ ግጥሙን ላከ፣ ጁላይ 31 ቤልጂየም ላይ ተገደለ። በዓሉ ላይ የብዕር ስሙ ሦስቴ ተጠራ፣ መልስ የለም። ወንበሩን ጥቁር ጨርቅ አለበሱት። ያደገበት ቤት አሁን ሙዚየም ነው።

የድሮ_መምህር፦
ልጄ፣ የዚያን ወንበር ግጥም ሕግ አስረድተውኝ ነበር፣ ከንግሃኔዝ ይሉታል። የስንኙ የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ያሉት ተነባቢ ድምፆች በሁለተኛው አጋማሽ በዚያው ተራ መመለስ አለባቸው፣ ይሄ አንዱ ዓይነት ነው፣ ቤት የሚመታው በውስጥ የሆነ ሌላም አለ። ቅኔ የቆጠረ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ሕጉ ጠበቅ ሲል ነው ምሥጢሩ የሚወጣው። እኔን የገረመኝ ይሄን የሚቆጥሩት ሊቃውንት ብቻ አለመሆናቸው ነው። ልጄ የወሰደኝ አንድ መንደር አዳራሽ ገበሬና አስተማሪ በቡድን በቡድን ሆነው ሲገጥሙ አመሹ፣ ዳኛው ነጥብ ይሰጣል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ተሰማኝ።

ኒውፖርት_አዲስ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሳነብ ብቻ ነበር የቆየሁት። ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው፣ ጉዳዬም ገና ነው። የአራት ወር ልጅ አለኝ። አንድ ቦታ ስለ ዌልሽ ነርሰሪ ስጠይቅ "ለእናንተ ዓይነቱ እንግሊዝኛው ይሻላል" ተባልኩና አፍሬ ተመለስኩ። እኔ እንደዚህ ሆኜ ወረቀት ሳይኖረኝ መማር እችላለሁ? ክፍያውስ?

ባንጎር_ተማሪ፦
እህቴ ማንም እንዲህ እንዲልሽ አትፍቀጂ። ጥገኝነት ለጠየቁ ሰዎች የዌልሽ ኮርስ በነፃ ይሰጣል። ጆሴፍ ኛግቦ የሚባል ሰው አለ፣ ከአይቮሪ ኮስት ጥገኝነት ጠይቆ በ2018 ካርዲፍ መጣ፣ ዌልሽ ተማረ፣ አስተማሪ ሆነ፣ በ2023 ደግሞ ከ1962 ጀምሮ ለቋንቋው ሲታገል የኖረው ማኅበር ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠው። አንቺን እዛ ቦታ ማየት የሚከለክል ነገር የለም።

ደግሞ አትፍሪው፣ ከባድ የሚባለው የቃሉ መጀመሪያ መለዋወጡ ነው። ድመት ካስ ነው፣ ያንተ ድመት ሲሆን ጋስ፣ የሷ ድመት ሲሆን ኻስ። ኽ ደግሞ እንግሊዞቹ አፋቸው ውስጥ የሚጠፋባቸው ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነው። "ዲዮልኽ" ብለሽ አመስግኚ፣ ሰው ፊቱ ሲበራ ታያለሽ።

እመ_ሁለት (ካርዲፍ)፦
ኒውፖርት እህቴ፣ ካርዲፍ መምጣት ከቻልሽ ሐሙስ ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 9:30 ነው የኛ ቲ አ ቪ፣ ሕፃን ታቅፈው የሚመጡም አሉ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት የሚጠይቅሽ የለም። ባቡር ጣቢያ እኔ እቀበልሻለሁ፣ በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ።

ሌላ ዜና፦ ትናንት ሻይ የሚያፈሉልንን እናት "እኛም በአማርኛ እንዲህ ብናደርግስ?" አልኳቸው። አዳራሹ ሐሙስ ከ11:30 እስከ 1:00 ባዶ ነው አሉ፣ ቁልፉን የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ለመሪዋ ነግረው ተስማምተውልናል። ምንጣፉን አናነሳውም፣ እነሱ ሲጨርሱ እኛ እንጀምራለን። እስካሁን አራት እናት ሆነናል።

ስዋንሲ_ሾፌር፦
ሐሙስ ከሰዓት ነው ሥራ የምገባው። ከስዋንሲም የሚመጣ ካለ እኔ አመጣለሁ፣ ነዳጁ በኔ።

የድሮ_መምህር፦
የፊደል ገበታ በፖስታ እልክላችኋለሁ፣ ትልቁን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን። አድራሻ በውስጥ ላኪልኝ ልጄ።

ሻሸመኔ_ለንደን፦
ሕፃናቱ ስንት ናቸው? ባለቤቴ የልጆች መዝሙር የቀዳችበት አለ፣ እልካለሁ።

እመ_ሁለት (ካርዲፍ)፦
እስካሁን ስድስት፣ የኒውፖርቷ ከመጣች ሰባት።